ዝገቱ የት ጋ ነው? «የዛገ ሻንሲ አይበየድም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ኤን ፒ አር አይሱዙ የጭነት መኪና ጎንደር ወዳለው ጋራዣችን ገባ። ባለቤቱ ያመጣው የፍሬኑ ድምፅ እንዲታይለት ነበር። እኔ ግን ከሥር ስገባ ዓይኔ ያረፈው ከኋላ ባሌስትራ (ንዝረት ከሚቀበለው ድርብርብ ብረት) ጀርባ ባለው የሻንሲ (መኪናውን ሁሉ የሚሸከመው የብረት አጥንት) ጫፍ ላይ ነው። ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥቁር፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነበር። በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ጤነኛ ብረት የሚሰጠውን ጥርት ያለ ድምፅ አልሰጠኝም። በካቻቪቴ ስወጋው ገባ። ከቀለሙ በታች የነበረው ብረት ሳይሆን ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላበት ልስን) ነው። ባለቤቱን ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። «አይበየድም ይላል። ለመቀየር ደግሞ አቅሙ የለኝም። ቢያንስ ውኃ እንዳይገባው ብዬ አስደፈንኩት» አለኝ።

ያ ጽሑፍ «የዛገ ሻንሲ አይበየድም፤ ይቀየራል» የሚለው ነው። ሰሞኑን መኪና ያለውም የሌለውም ሲቀባበለው ቆይቷል፤ ለእኔም ከአምስት ሰው ደርሶኛል። ከአዘዞ እስከ መተማ፣ ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚመላለሱ መኪኖች ሥር ተኝቼ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። በመጥፎ ብየዳ ሻንሲው የተቆረጠ መኪና በዓይናቸው ማየታቸውን ተርከዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ክርክራቸው ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ ብየዳ ብረትን ስለሚያደክም አምራቾች ሁሉ ሻንሲ መበየድን ከልክለዋል። ሁለተኛ፣ ዝገት እንደ ካንሰር ነው፤ አንድ ቦታ ከታየ ሁሉም ቦታ ተሰራጭቷል። ሦስተኛ፣ ሻንሲ መቀየር ውድ ቢመስልም መኪናውን እንደ አዲስ ስለሚያደርገው ውሎ አድሮ ርካሽ ነው። አራተኛ፣ ቶዮታን የሚያህል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ የዛጉ ሻንሲዎችን የቀየረው እንጂ ያልበየደው ለዚህ ነው። አምስተኛ፣ እንደ ጎንደር ባለ ደጋና ከባሕር የራቀ አገር መኪና አይዝግም፤ የዛገ ካለ ከውጭ ዝጎ የመጣ ስለሆነ ሲገዙ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። ጸሐፊው እውነት የያዙበት ቦታ አለ። በሰሜን አሜሪካ ለሚሠሩ ከባድ የጭነት መኪኖች የሚውለው የሻንሲ ብረት በብዛት በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረ ነው። እንዲህ ያለው ብረት እንደገና በብየዳ እሳት ሲነካ ያ ጥንካሬው ይጠፋል፤ ብየዳው ራሱ ባይለቅ እንኳ አጠገቡ ያለው ብረት ይለሰልሳል። አምራቾቹም ሻንሲው ላይ «አይበየድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣብኝ እኔም የብየዳ ማሽኔን አላነሳም።

ሁሉም ሻንሲ ግን ከዚህ ብረት አይሠራም። የሂሉክስና የላንድ ክሩዘር ሻንሲ ከፋብሪካ ሲወጣ ራሱ የተበየደ ነው፤ ሁለት የታጠፉ ብረቶች ፊት ለፊት ገጥመው በብየዳ ሣጥን ሆነዋል። ብየዳ በተፈጥሮው ሻንሲን የሚገድል ቢሆን ኖሮ እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካው በር አይወጡም ነበር። የጭነት መኪና አምራቾች ለቦዲ ሠሪዎች የሚያዘጋጁትን መመሪያ ያነበበ ሰውም ጉዳዩ የጅምላ ክልከላ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የት እንደሚበየድ፣ የት እንደማይበየድ፣ በምን ዓይነት ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) እንደሚበየድ ይዘረዝራሉ። በብሪታንያ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራም የተበየደ መኪና በመበየዱ ብቻ አይወድቅም። መርማሪው ከመሪ፣ ከፍሬንና ከባሌስትራ መያዣዎች በ30 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ዝገት አጥብቆ ያያል፤ እዚያ የተጠገነ ነገር ካለ ብየዳው ነጠብጣብ ሳይሆን ያልተቋረጠ መስመር መሆኑን ይመለከታል። በበረዶ ወቅት መንገዱ ላይ ጨው የሚነሰነስበት አገር ስለ ዝገት ከእኛ ያነሰ አያውቅም።

ታዲያ ጸሐፊው ያዩት መኪና ለምን ተቆረጠ? በጽሑፋቸው ያልመለሱት ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ግን ፎቶግራፋቸው ላይ ይታያል። ሻንሲው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ባለ መስመር ተበይዷል፤ የተቆረጠውም በዚያው መስመር ጠርዝ ነው። የአይሱዙን ሻንሲ አስቡት፤ ቁመቱ እንደ ግድግዳ የቆመ፣ ላይና ታቹ ወደ ውስጥ የታጠፈ ብረት ነው። ጭነት ሲጫንበት በሁለቱ አክስሎች (ጎማዎቹን በሚይዙት የፊትና የኋላ ዘንጎች) መካከል የላይኛው እጥፋት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ከኋላ አክስል ወዲያ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚለጠጠው የላይኛው ነው። የግድግዳው መሐል ግን ከሁለቱም የተረፈ ያህል ቀላል ሸክም ነው ያለበት። ስለዚህ መሐሉ ላይ የሚያርፍ ብየዳ እና እጥፋቱን አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕድሜ አለው። ሁለተኛው «እዚህ ጋ ቁረጡኝ» ብሎ መስመር እንደማስመር ነው። ደኅና በያጅ የሚያጠናክረውን ሰሌዳ ጫፉን እንደ ዓሣ አፍ አሹሎ ወይም አጋድሞ የሚቆርጠው፣ ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ጠርዝ ሳይበይድ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። «ይጠንክርልህ» እያሉ ከሻንሲው በላይ የወፈረ ብረት የሚለጥፉ አሉ። ባለመኪናው በውፍረቱ ደስ ይለዋል። ሻንሲ ግን መወላገድ ያለበት ነገር ነው፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ፣ ሻንሲው በልኩ እየተጣመመ ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ ፈጽሞ እንዳይጣመም ካሰርነው መጣመሙ ሁሉ የተለጠፈው ብረት ባለቀበት ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ባለቤቱ «ብየዳው ያዘ፣ ከአጠገቡ ግን ተሰነጠቀ» እያለ ይገረማል።

የእኛን አገር ብየዳ የሚያበላሹ ጉዳዮችንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በዚህ የጸሐፊውን ቁጣ እጋራለሁ። መብራት ሲዋዥቅ የብየዳ ማሽኑ ጉልበት ያንሰውና ብየዳው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ከውስጥ ግን ያልያዘ ነው። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ለሻንሲ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት አይወድም። በክረምት ፓኮው ተከፍቶ መሬት ላይ ከዋለ ብየዳው ውስጥ ስንጥቅ ያስከትላል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይበቃውም፤ ወደ 300 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ መድረቅ አለበት። ቀለምና ዝገት ሳይፋቅ መበየድ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ሳይፈቱ መበየድ፣ የነዳጅ ታንከርና የፍሬን መስመር ሳያነሱ መበየድ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ጸሐፊው ቢዘረዝሩት ኖሮ ከእርሳቸው ጎን እቆም ነበር። መጥፎ ብየዳ መጥፎ ነው ማለት ግን ብየዳ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ያልበሰለ ሥጋ ሰው ቢያሳምም ሥጋ አትብሉ አይባልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ዝገት እንደ ካንሰር በደም ሥር አይዘዋወርም። ብረት፣ ውኃና አየር የተገናኙበት ቦታ ላይ ይነሣል፤ ውኃው የማይደርስበት ወይም ቶሎ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ ለብዙ ዓመት እንዳለ ይቆያል። አንድ ሻንሲ ከኋላ ተበልቶ ከካቢናው ሥር የፋብሪካ ቀለሙ ሳይነካ የሚገኘው ለዚህ ነው። በዚህ ነጥብ ግን ጸሐፊው አንድ ነገር አግኝተዋል፤ ልነፍጋቸው አልፈልግም። ሁለት ብረት በተደራረበበት ቦታ ላይ በጠርዙ የሚታየው ዝገት ከውስጥ ካለው ያነሰ ነው። ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሲያብጥ በብሎን የታሰሩትን ብረቶች እንኳ ፈልቅቆ ይለያያቸዋል። የሂሉክስ ዓይነት ሣጥን ሻንሲም ከውስጥ ስለሚበላ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ «ትንሽ ናት» የሚለውን ቃል ማንም እንዳያምን።

መፍትሔው ግን መፍራት ሳይሆን መመርመር ነው። ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፣ በመዶሻ አዳምጡ፣ የጠረጠራችሁትን በጠመኔ ክበቡ፣ ውፍረቱን ለኩ። 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ብረት 3 ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ያለው አቅም ግማሽ ገደማ ቀርቷል፤ የሳሳው የእጥፋቱ ብረት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከግድግዳው የባሰ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከግማሽ ቀን በኋላ ባለመኪናው የሚያየው ካርታ ነው፤ የት ጤና፣ የት ሕመም እንዳለ ያውቃል። «አንድ ቦታ ከታየ ሁሉም ቦታ አለ» የሚለው ፍርድ ይህን ግማሽ ቀን ለመዝለል የተፈጠረ ይመስለኛል።

ሦስተኛው፣ የመቀየር ነገር። ጽሑፉ ሻንሲ መቀየር ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አይገልጽም። አዲስ ሻንሲ ከፋብሪካ አስመጥቶ መግጠም ከሆነ ጎንደር ውስጥ አንድ አይሱዙ ያለው ሰው የሚያስበው ነገር አይደለም። በተግባር የሚቀየረው ከተገለበጠ ወይም ከተቃጠለ መኪና የወጣ አሮጌ ሻንሲ ነው። እርሱም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሻንሲ ከሌላ ከተማ ገዝቶ አመጣ። ቀለሙን ስንፍቀው ከመሪ ሣጥኑ መቀመጫ አጠገብ የቆየ ስንጥቅ ተበይዶ አገኘን። ብየዳን ሸሽቶ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው የሌላ ሰው ብየዳ ነበር፤ ያውም ፈጽሞ መሆን በማይገባው ቦታ።

ከዚያም የሊብሬ ጉዳይ አለ፤ ጽሑፉ አንድ ቃል አለማንሣቱ አስገርሞኛል። የመኪና ማንነት በሊብሬው ላይ የሚታወቀው በሞተር ቁጥሩና በሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሻንሲ ሲቀየር ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ሕጋዊውን ሂደት ሳይጠብቅ የቀየረ ሰው ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ሊሸጥ ሲል አይገጥምም፤ መኪናው የተሰረቀ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ይባስ ብሎ የድሮውን ቁጥር ቆርጠው በአዲሱ ላይ የሚበይዱ አሉ። ይህ ጥገና ሳይሆን ወንጀል ነው። «ይቀየራል» ብሎ ለሕዝብ የሚመክር ሰው በሕግ የሚቀየርበትን መንገድ አብሮ መናገር ነበረበት፤ አስቀድሞ የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ፣ የተገዛበትን ሰነድ መያዝ፣ መኪናውን ከመፍታት በፊት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ሥራውም ቀላል አይደለም። ካቢናው ይወርዳል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ይወጣሉ፣ ሽቦውና የፍሬን መስመሩ ሁሉ ይፈታል። ያረጀ መኪና ላይ እያንዳንዱ የተፈታ ብሎን ሌላ የሚሰበር ነገር ያመጣል። «እንደ አዲስ ይሆናል» የሚለው ተስፋ ይህን አይቆጥርም። እንዲህም ሆኖ መቀየር ብቸኛው መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአክስሎቹ መካከል የሁለቱም ወገን የታችኛው እጥፋት የሳሳ፣ የመሪ ሣጥኑ የተያዘበት ብረት የተበላ፣ ወይም በአደጋ የተጣመመና የዛገ ሻንሲ ሲመጣብኝ «ይቀየር ወይም መኪናው ይቁም» ብዬ እመልሳለሁ። ባለፈው ዓመት ሁለት መልሻለሁ። አንደኛው ባለቤት እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ቶዮታን በተመለከተ ጽሑፉ ግማሹን እውነት ነው የነገረን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ኩባንያው በአሜሪካ ለቀረበበት ክስ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ታኮማ፣ ተንድራና ሰኮያ የተባሉ መኪኖቹን የሻንሲ ዝገት ጉዳይ ለመፍታት ተስማምቷል። ነገር ግን ሻንሲ የተቀየረው ተመርምሮ ዝገቱ ብረቱን በስቶ ለተገኘው መኪና ነው። ላልበሳው የተሰጠው መፍትሔ ዝገት የሚከላከል ቅባት ነበር። እንግዲህ ቶዮታም ቢሆን መጀመሪያ መርምሮ ነው የለየው። ወጪውን የቻለውም ኩባንያው እንጂ ባለመኪናው አይደለም፤ የቀረበውም አዲስ ሻንሲ ነው። የእኛን ባለ አንድ አይሱዙ ሾፌር ከዚያ ጋር ማነጻጸር ፍትሐዊ አይሆንም።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ሰውን ያዘናጋልና። ጎንደር ከባሕር የራቀ ደጋ መሆኑ እውነት ነው። በመንገዳችን ላይ ለበረዶ የሚነሰነስ ጨው የለም። ከውጭ ዝጎ የሚመጣ መኪና መኖሩም እውነት ነው። የእኛ መኪኖች የሚጭኑትን ግን ተመልከቱ። ወደ መተማ የሚወርደው አይሱዙ ሰንጋ ይጭናል። በጭልጋ አልፎ ገንዳ ውኃ እስኪደርስ ድረስ የከብቱ ሽንትና እበት በወለሉ ክፍተት እየተንጠባጠበ ሻንሲው ላይ ይወርዳል፤ ሽንት ጨው አለው፣ አሞኒያ አለው። በበልግ ማብቂያ ለገበሬው የሚጓጓዘው ዩሪያና ሌላው ማዳበሪያም ብረት ያዝጋል፤ የሚፈሰው ዱቄት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱ ላይ ይረጥባል። ከአፋር የሚመጣ ጨው የሚጭኑም አሉ፤ ለእነርሱ የቀይ ባሕር ዳርቻ መኪናው ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ከዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ይመጣል፤ ጭቃው በሻንሲውና በባሌስትራ ማንጠልጠያው መካከል ይጠቀጠቃል፣ ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል።

እጥበታችንም አያግዝም። መኪና ሲታጠብ የሚያምረው ካቢናው ነው፤ ከሥር ያለው ጭቃ ግን እንደተጣበቀ ይቀራል። አንዳንዱ የተቃጠለ ዘይት ይረጭበታል። ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ጭቃና ዝገት ሳይፋቅ ከተረጨ እርጥበቱን ከውስጥ ያሽገዋል፤ መሬቱንም ይበክላል። ከብት ወይም ማዳበሪያ አራግፎ የተመለሰ መኪና በዚያው ቀን ከሥር በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም መከፈት አለባቸው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ለባለመኪናው «ደጋ ነህ፣ አትዝግም» ያለው ሰው ይህን ሁሉ አስተወው።

ወደዚያ ስቱኮ ወደተሞላው አይሱዙ ልመለስ። ስቱኮውን አውጥተን ሻንሲውን ሙሉ ስንመረምር የተበላው የቀኙ ወገን የኋላ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ከአክስሉ ወደፊት ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። አልለጠፍንበትም፤ ሻንሲውንም አልቀየርነውም። የተበላውን ክፍል እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ በሰያፍ ቆርጠን ጣልነው። መጋጠሚያው ከባሌስትራ ማንጠልጠያው እንዲርቅ አደረግን። በተመሳሳይ ውፍረትና ቅርጽ በታጠፈ ብረት ተክተን፣ ሁለቱንም ጠርዝ ሞርደን በሙሉ ውፍረቱ በየድን፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ማጠናከሪያ ሰሌዳ በግድግዳው ላይ በብሎን አሰርን። የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት ስለሆነ አልተነካም። በመቀየርና በመለጠፍ መካከል ያለው ይህ መንገድ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ሥራው አራት ቀን ፈጀ፤ ከአራቱ አንዱን የወሰደው መብራት መጠበቅ ነው። ማጠናከሪያው የተደራረበበትን ቦታም ሳንቀባ አልዘጋነውም፤ ባለቤቱ በየሦስት ወሩ እያመጣ እንዲያሳየኝ ተስማምተናል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ርዕሳቸውን እንዲያስተካክሉ ነው። «አይበየድም» ያሉትን ቃል አንብቦ ሻንሲውን በስቱኮ ያስደፈነ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሌሎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ያ መኪና የፍሬን ድምፅ ባያሰማ ኖሮ በዚያው ሳምንት 12 ሰንጋ ጭኖ ወደ መተማ ይወርድ ነበር። ስለ መጥፎ ብየዳ የጻፉት ይቆይ፤ ከእርሱ ሥር «ከመወሰናችሁ በፊት አስመርምሩ፤ በስቱኮ አትሸፍኑ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩበት እኔም ጽሑፉን ለደንበኞቼ እልካለሁ። ጎንደር ሲመጡ ደግሞ ጋራዣችን ክፍት ነው፤ መዶሻውን ይዘን አብረን ከሥር እንገባለን።